ስለ ቆርቆሮ ቤት ሙቀትና ብርድ

ወልድያ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ በሐብሩ ወረዳ ያለችው መርሳ ግን ዝቅ ያለች ስለ ሆነች ቀኗ ይሞቃል። የሣር ክዳን በውስጡ አየር ስለሚይዝ፥ ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳም ሙቀትን ቀስ ብሎ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ስለሚለቅ፥ ሐሩሩንም ቁሩንም ይመክታል። ቆርቆሮ እሳትን ከሣር ይልቅ ይቋቋማል፥ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ነገር ግን ስስ ነውና ቀን የፀሐይን ትኩሳት ያስገባል፥ ሌሊት የቤቱን ሙቀት ያስወጣል። የበረደውም ሰው ማገዶ ይጨምራል፤ እንጨት ሲያጥረው ኩበት ያነዳል፥ እርሻውም ፍግ ያጣል።

ስለዚህ ቆርቆሮው ይነሣ አንልም፤ ከሥሩ ኮርኒስ ይደረግበት እንላለን። ኮርኒሱ በወልድያ ያለ ክፍተት ይገጠም፤ በመርሳ ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ የሞቀው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይተውለት። ሹማምንትና የቤት ባለቤቶች አስቀድመው በየቤታቸው ቢያደርጉት፥ ሕዝቡ አይቶ ይከተላል።