ማመቻቸቱን ማን ይመስክር?

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በኢትዮጵያ ያሉ አሠሪዎች ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች የሥራ ሁኔታን እንዲያመቻቹ ያስገድዳል። ማመቻቸት ሲባል መሣሪያ ማቅረብ ብቻ አይደለም፤ የሥራው መስፈርት፣ ሰዓቱና አካባቢውም ይካተታሉ። ለየትኛው ሰው፣ በየትኛው ሥራ ምን እንደሚበጅ መለየት ግን የጥናት ድርሻ ነው። አካል ጉዳተኞች፣ በተለይም ሥራ የለቀቁትና ጭራሹን ያልተቀጠሩት፣ ያልተጋበዙበት ጥናት ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም።

በአሜሪካ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ጉዳይ ምክር የሚሰጠው ጆብ አኮሞዴሽን ኔትወርክ ለዓመታት አሠሪዎችን እየጠየቀ ባካሄደው ጥናት፣ ከማመቻቸቶቹ ግማሽ ያህሉ ምንም ወጪ እንዳልጠየቁ፣ የቀሩት አብዛኞቹም የአንድ ጊዜ ወጪ ብቻ እንደነበራቸው አሳይቷል። ውጤቱ «ወጪው አይቻልም» የሚለውን ሰበብ ያዳክማል። መልስ የሰጡት ግን ተቋሙን ምክር የጠየቁ አሠሪዎች ናቸው። ለመጠየቅ የፈራ ሠራተኛ፣ ጠይቆ የተከለከለ፣ የመግቢያ ፈተናው በብሬል ባለመዘጋጀቱ ከበር የተመለሰ ማየት የተሳነው አመልካች ስሌቱ ውስጥ የሉም። የወጣውን ገንዘብ አሠሪው ያውቃል፤ የተገዛው መሣሪያ ሥራውን ማቃለሉን የሚመሰክረው ግን ተጠቃሚው ነው።

የአጠያየቁ ስልትም ውጤቱን ይለውጣል። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሪፖርት 17.6 በመቶ አድርሶታል። ሁለቱ የተለያየ የዕድሜ ክልልና የተለያየ ጥያቄ ስለያዙ በቀጥታ አይነጻጸሩም። ቢሆንም «አካል ጉዳተኛ ነህ?» ሲባል ነቀፌታ ፈርቶ የሚሸሽግ ሰው «ደረጃ መውጣት ያስቸግርሃል?» ሲባል በቀላሉ ሊመልስ ይችላል።

የተጠቃሚው ምስክርነት ለራሱ ያደላል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ያዳላ ይሆናል፤ ወጪ የሚሸፍነው አሠሪም ከአድልዎ ነፃ አይደለም። መፍትሔው የሁለቱን ቃል ማስተያየት እንጂ አንዱን ማስቀረት አይደለም። ከበድ ያለው ተቃውሞ የምስጢር ጉዳይ ነው፦ ማየት የተሳነው ሠራተኛ አንድ ብቻ በሆነበት መሥሪያ ቤት ስምን መደበቅ ማንነትን አይደብቅም። ስለዚህ ግብዣው በአለቃ በኩል ሳይሆን በአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በኩል ይተላለፍ፤ ውጤቱም መሥሪያ ቤት ሳይለይ ተጠቃልሎ ይውጣ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ በብሬልና በድምፅ የተዘጋጀ መጠይቅ፣ የትራንስፖርትና የጊዜ ካሳ ከጥናቱ በጀት መጀመሪያ ሊያዙ ይገባል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 4 እነርሱን በሚመለከቱ ውሳኔዎች ላይ መንግሥታት በድርጅቶቻቸው በኩል በቅርበት እንዲያማክሯቸው ያዛል። የሥራ ቦታ ፖሊሲ የሚመራበት ጥናት የውሳኔው መነሻ ነውና ምክክሩም ከዚያው ይጀምር፤ መጠይቁ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ግብዣ ለፊርማ ካልሆነ ለምክር አይሆንም።