ፌንጣዋን ያሰመጠው ክር

መስከረም ላይ ነው። ፍኖተ ሰላምን ተጠግቶ የሚያልፈው የላህ ወንዝ ጎርፉ ቢቀንስም ገና አልጠራም፤ ዳር ዳሩ ያለው ሣር ግን በፌንጣ ተሞልቷል። ሁለት ልጆች የቀርከሃ ዘንግ ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ፌንጣ መንጠቆው ላይ ሰካና ውሃው ላይ ጣል አደረጋት። ፌንጣዋ እግሯን እያራገበች ጥቂት ተንሳፈፈች፤ ወዲያው በአፍጢሟ ተደፍታ ሰመጠች። አውጥቶ ሌላ ሰካ። እሷም ሰመጠች። የጓደኛው ፌንጣ ግን ውሃው እየገፋት፣ እሷም ዙሪያዋን እያንቀጠቀጠች፣ እስከ ወንዙ መታጠፊያ ሄደች።

መንጠቆው ያው፣ ፌንጣውም ያው። ልዩነቱ ክሩ ነበር። የመጀመሪያው ልጅ የያዘው ከሱቅ የተገዛ የጥጥ ሲባጎ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ጫፉ ላይ ያለውንም ይዞ ይወርዳል። ሁለተኛው የያዘው ከማዳበሪያ ከረጢት ፈትቶ፣ ጭኑ ላይ ፈትሎ የሠራውን ክር ነው። ከረጢቱ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ ከውሃ ይቀልላል፤ ስለዚህ አይሰምጥም። ልጁ የፕላስቲኩን ስም አያውቅም። ይሁንና የሰሜን አሜሪካ አጥማጆች ዘወትር የሚከራከሩበትን ጥያቄ ጭኑ ላይ መልሶታል።

እነዚያ አጥማጆች የሚያሳድዱት ባስ የሚባለውን አፈ ሰፊ አዳኝ አሳ ነው። ባስ እንቁራሪትና ነፍሳት ውሃው ላይ ሲንቀሳቀሱ ካየ ከሥር ተወርውሮ ይውጣል። ስለዚህ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ማባበያ በውሃው ገጽ ላይ እያንሸራተቱ ያታልሉታል። ማባበያው ግን የሚንሳፈፈው ክሩ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ክር የሚመረጠው «ስንት ኪሎ ይችላል?» ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ውሃ ውስጥ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው።

ድሮ ምርጫው ጠባብ ነበር። አውሮፓውያን ለብዙ ዘመን ያጠመዱት በፈረስ ጭራ ነው፤ እኛ ማሲንቆ የምንገዘግዝበት ያው ጭራ መሆኑ ነው። ከመንጠቆው በላይ ያለችውን ቀጭን ጫፍ ደግሞ ከሐር ትል ሆድ በሚመዘዝ ጅማት ይሠሩ ነበር። ይህን ሁሉ የለወጠው ናይለን ነው። ዋላስ ካሮተርስ የተባለው ኬሚስት በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1935 ሠራው፤ በ1938 የጥርስ ብሩሽ ፀጉር ሆኖ ገበያ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ መንጠቆ ታሰረበት። ዛሬ አጥማጅ የሚያማርጠው ከሦስት ዓይነት ክር ነው።

የመጀመሪያው ይኸው ናይለን ነው፤ በየሱቁ የሚገኘው፣ አንድ ወጥ የሆነው፣ ብርሃን አሳላፊው ክር። ከውሃ የሚከብደው በጥቂቱ ነው፤ የውሃን ክብደት 1 ብንል የእሱ 1.14 ገደማ ይሆናል። ቀስ ብሎ ስለሚሰምጥ ማባበያውን ወደ ታች አይጎትትም። ሁለተኛው ፍሎሮካርቦን ነው፤ ኩሬሃ የተባለ የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1971 ለአሳ ማጥመጃነት አቀረበው። ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ለውሃ ስለሚቀርብ አሳ በቀላሉ አያየውም ይባልለታል። ሆኖም ክብደቱ 1.78 ነው፤ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ሦስተኛው ከረቂቅ የፖሊኢትሊን ክሮች የሚጎነጎነው ነው። ክብደቱ 0.97 ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ በእኩል ቅጥነትም ከናይለን እጅግ ይጠነክራል።

ሻጩ የሚያወራውን ማመን የማይፈልግ ሰው በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሊፈትን ይችላል። ከየክሩ የጣት ያህል ቆርጦ ውሃው ላይ መጣል ነው። መጀመሪያ ሁሉም ተንሳፍፈው ሊታዩ ይችላሉ፤ የውሃው ገጽ እንደ ስስ ቆዳ ስለሚሸከማቸው ነው። በጣት ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገፏቸው ግን ማንነታቸው ይለያል፦ ፍሎሮካርቦኑ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ናይለኑ እየተንሳፈፈ ያለ እስኪመስል ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ጉንጉኑ ተመልሶ ይወጣል። ውሃው ገጽ ላይ ለሚያጠምድ ሰው ፍሎሮካርቦኑ ከምርጫ ወጣ ማለት ነው።

በናይለንና በጉንጉኑ መካከል የሚወስነው ሌላ ነገር ነው፤ መለጠጥ። ናይለን ሲጎተት እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ጉንጉኑ ግን ግትር ነው። አሳ ውሃው ላይ ሲያጠቃ ዓይናችን ፊት ፏ ስለሚል ልባችን ይዘላል፤ መንጠቆው አፉ ሳይገባ ዘንጉን እንመነጭቃለን። ግትሩ ክር ያን ችኮላ እንዳለ ያደርሰዋልና ማባበያው ከአፉ ይነጠቃል። ናይለን ግን ይለጠጥና ለአሳው የመዋጫ ጊዜ ይሰጠዋል፤ የችኩልን ስህተት ይሸፍናል። በአንጻሩ ሣርና ቅጠል በበዛበት ውሃ፣ ለምሳሌ ደንገል በከበበው የጣና ዳርቻ፣ ጉንጉኑ ይሻላል፤ የተጠመደውን አሳ ከነተጠላለፈበት ቅጠል ጎትቶ ያወጣል።

ወደ ምዕራብ ጎጃም ወንዞች ስንመለስ ደግሞ ድንጋዩ ይናገራል። ላህ፣ ብርና በቡሬ በኩል የሚወርደው ፈጠም ወደ አባይ የሚወርዱት በጥቁር ድንጋይ መካከል ነው። ጉንጉን ክር ለጉተታ እንጂ ለፍትጊያ አልተፈጠረም፤ ስለታም ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ ከታሸ ረቂቅ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። እዚህ 0.30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ አምስት ስድስት ኪሎ የሚሸከም ናይለን ይበቃል። የማይታይ ክር ፍለጋ ገንዘብ ማውጣትም ቢያንስ በክረምት ትርፉ ድካም ነው፤ ውሃው እንደ ጠላ አተላ በደፈረሰበት ጊዜ አሳውም የሚያየው የለም።

ክሩ ከተመረጠ በኋላ የሚያዋርደው ቋጠሮው ነው። ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ በፍትጊያ ይግላል፤ ግለቱም እዚያው ቋጠሮው ላይ ያደክመዋል። ከማጥበቅ በፊት በምራቅ ማርጠብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፀሐይም ጠላቱ ናት፤ ደጅ የከረመ ክር ይሻክራል፣ ይነጣል። በሁለት ጥፍር መካከል ሲስቡት የሚቆረቁር ከሆነ ያን ያህሉን ቆርጦ መጣል ነው።

መጣል ሲባል ግን ወንዝ ውስጥ አይደለም። ናይለን የተወደደው ስለማይበሰብስ ነው፤ ጥፋቱም ከዚያው ይመጣል። ጣና ላይ ለአሳ ማጥመጃ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። አጥማጆች ነጭ አሳ የሚሏቸው የሐይቁ ባርቦች ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል የሉም፤ ስምንቱም አሳ በል ናቸው። በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች ሲወጡ የወንዞቹ መግቢያ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብዛታቸው በ75 በመቶ እንዳሽቆለቆለ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። አንድ መንጠቆ ያለው ክር አንድ አሳ ያወጣል፤ መረብ ሆኖ የተሠራው ያው ክር ባለቤቱ ቢጥለውም ለዓመታት መያዙን አያቆምም።

የላህ ልጆች ወደ ማምሻው ላይ የሁለቱም መንጠቆ ድንጋይ ሥር ገባባቸው። ባለ ሲባጎው ጎትቶ በጠሰና ዘንጉን ትከሻው ላይ አደረገ፤ እዚያ የቀረው ጥጥ የሚቀጥለውን ክረምት አያይም። ባለ ማዳበሪያው ግን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ግማሽ ቀን የፈተለውን ክር ለድንጋይ አይተውም። በእጁ እየዳበሰ ፈታው፣ ወጣና የበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ እየጠመጠመ መንገድ ጀመረ።