ሁጃጆቻችንና የስልክ ወጪያቸው

ከወላይታ ሶዶና ከአካባቢዋ አላህ ወፍቋቸው ለሐጅና ለዑምራ የሚነሱ ወላጆቻችን ደጋግመው የሚያነሱትን አንድ ጉዳይ ዛሬ እንመለከታለን፤ መካና መዲና ሆኖ ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ከቤት ጋር መገናኘትን።

በመጀመሪያ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ እንወቅ። በኢትዮጵያ ሲም ካርድ ከጅዳ ስንደውል የሚያገለግለን የሳዑዲ ድርጅት ኔትዎርክ ነው። እሱ ሒሳቡን አገር ቤት ላለው ድርጅት ይልካል፣ ያም ከእኛ ይወስዳል። ይህ ሮሚንግ ይባላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ሲደወልላቸው ነው። አገር ውስጥ ስልክ ያነሳ ሰው አይከፍልም፤ በሮሚንግ ግን ያነሳውም ይከፍላል። ሶዶ ያለው ልጅ «የአባቴ ቁጥር ያው የድሮው ነው» ብሎ ዘና ብሎ ያወራል። በእርግጥም ከእሱ የሚቆረጠው የአገር ውስጥ ሒሳብ ነው፤ የቀረውን መንገድ የሚከፍሉት አባት ናቸው። ጎረቤትና ዘመድ በየተራ «እንዴት ገባችሁ?» ሲል ደግሞ ካርዱ ሚና ሳይደረስ ያልቃል። ከእኛም መካከል ይህ የደረሰበት አለና የሰማነውን ብቻ አይደለም የምንናገረው።

ሌላው ዳታ ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ ተቀምጦም ፎቶና ቪዲዮ ያወርዳል። ስለዚህ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ሳይሳፈሩ «ዳታ ሮሚንግ» የሚለው ይጥፋ። የቤቱ ወጣት ከሶዶ ሳይነሱ ያጥፋላቸው፣ መጥፋቱንም ያሳያቸው።

ለሳምንታት ለሚቆይ ሰው የሚሻለው የሳዑዲ ሲም መግዛት ነው። ፓስፖርት ይጠየቃል፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጣት አሻራም ግዴታ ሆኗል። በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም ርካሽ ነው ቢባልም አይገዛ። የኢትዮጵያው ሲም ከስልኩ ከወጣ ተጠቅልሎ ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጥ። ዋትሳፕ ሲም ቢቀየርም በድሮው ቁጥር ይሠራል፤ ቁጥር ይቀየር ወይ ብሎ ቢጠይቅ እምቢ ማለት ነው።

ቦዲቲና አረካ ዙሪያ ኔትዎርክ ሲደክም ጥሪው ይቆራረጣል። የድምፅ መልእክት ግን ኔትዎርክ ሲመለስ ይደርሳል። ማንበብ የማይችሉ እናቶችም በወላይትኛ ተናግረው ይልካሉ። (በጠዋፍ መሐል ቪዲዮ እየደወሉ ካዕባን ማሳየትን ግን እኛ አንወደውም፤ ሰውም ይጋፋል፣ ልብም ይበተናል።)

በሳዑዲ ሲም 09 ብሎ ወደ አገር ቤት መደወል አይሠራም። ዜሮዋ ትወጣና 002519 ተብሎ ይጀመራል፤ በ046 የሚጀምረው የሶዶ የቤት ስልክም 0025146 ይሆናል። ቤተሰቡ ወደዚያ ሲደውል ደግሞ በ00966 ይጀምራል፤ ይህ ዓለም አቀፍ ጥሪ ስለሆነ ከሶዶ በኩል ይወደዳል። ሰዓታችን ከሳዑዲ ጋር አንድ ነው፤ እነሱ የጠዋት 9 ሲሉ የእኛ 3 ሰዓት ነው። ከዒሻ በኋላ አንድ ሰዓት ተቆርጦ አንዱ ልጅ ብቻ ይቀበልና ለሌሎቹ ያድርስ።

በመጨረሻም ስልክ በሕዝብ መሐል ሊጠፋ ይችላል። የቤት ቁጥር ከ00251 ጋር፣ የቡድን መሪው ቁጥርም አብሮ በወረቀት ተጽፎ ከወገብ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። አንድ ቅጂ ደግሞ አብሯቸው የሚያድር ሰው ይያዝ።