በጎ ፈቃድ ምን ይከፍላል?

ክረምት በገባ ቁጥር በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። የአቅመ ደካሞችን ቤት ያፈርሳሉ፣ ጭቃ ይመርጋሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ለተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ፣ ደም ይለግሳሉ። መስከረም ሲጠባ ስንት ቤት እንደታደሰና ሥራው በገንዘብ ቢተመን ስንት ብር እንደሚያወጣ ሪፖርት ይቀርባል። በሪፖርቱ ውስጥ የማይገኘው የሠሪዎቹ ነገር ነው። ጭቃ ሲመርግ የከረመው ወጣት ምን ይዞ ወጣ? ጥያቄው ሲነሳ «የህሊና እርካታ» የሚል አጭር መልስ ይሰጥና ይታለፋል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እዚያው ላይ ከቆመ ያሳስታል። በጎ ፈቃደኛ ከሥራው እውነተኛ ጥቅም ያገኛል፤ ጥቅሙ የሚደርሰው ግን ደጋግሞ ለሚሠራ፣ በገዛ ፈቃዱ ለገባና ከሁሉም በላይ የዕለት ጉርሱ ለተሟላለት ሰው ነው። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስለ ኢትዮጵያ በጎ ፈቃደኞች በቅርበት ከተሠሩት ጥናቶች አንዱ ያተኮረው በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የአለርት ሆስፒታል ታካሚዎች ይንከባከቡ በነበሩ ሰዎች ላይ ነው።

አለርት ያለበት የዘነበወርቅ ሰፈር ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ ለሕክምና የመጡ ሰዎች በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው ቀርተዋል። አለርት በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ሰፈሩ በበሽታ ምክንያት ከዘመድ የተለየ ሰው የሚጠጋበት ሆኖ ኖረ። ኤችአይቪ ሲመጣ ሌላ የተገለለ ሕመምተኛ መጣ። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ የችግሩ መልክ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ጭንቁ መድኃኒት ማግኘት ነበር፤ ከዚያ በኋላ አለማቋረጥ ሆነ። መድኃኒቱ በየቀኑ በሰዓቱ መዋጥ አለበት፤ ባዶ ሆድ ይከብዳል፤ ሕመሙን ከጎረቤት የሚደብቅ ሰው ክኒኑንም ይደብቃል። ሆስፒታሉ በየቤቱ የሚልከው ነርስ አልነበረውም። ክፍተቱን የሞሉት ግብረ ሰናይ ድርጅቶች መልምለው ያሠለጠኗቸው የሰፈር ሰዎች፣ በብዛት ሴቶች ናቸው። ያለ ደመወዝ ከቤት ቤት እየዞሩ ሕመምተኛ ያጥቡ፣ መድኃኒቱን መዋጡን ያዩ፣ ሲብስበት ሆስፒታል ያደርሱ፣ ፊቱን ያዞረ ቤተሰብ ያስታርቁ ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኬኔት ሜስ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር እነዚህን ሰዎች ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ውስጥ 110 በጎ ፈቃደኞች ሦስት ጊዜ ተጠየቁ፤ ሥራው በ2017 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ።

ከዚህ ጥናት የምንረዳው የመጀመሪያ ነገር «እርካታ» ባዶ ሽንገላ አለመሆኑን ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ስለ አእምሮ እርካታ ሲናገሩ በዓይናቸው ካዩት ነገር ጋር አያይዘው ነበር፤ ቤተሰቡ ተስፋ የቆረጠበት፣ ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው ከወራት በኋላ ቆሞ ሲሄድ አይተዋል። የድካሙን ፍሬ እንዲህ ፊት ለፊት የሚያሳይ ሥራ ጥቂት ነው። ባለደመወዙ ጸሐፊም ሆነ ሻጩ ብዙውን ጊዜ ይህን ዕድል አያገኝም። ሃይማኖትም አለበት፤ የታመመን መጠየቅ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ በፈጣሪ ፊት ዋጋ ያለው ሥራ ነውና ብዙዎቹ ሽልማታቸውን ከዚያ ይጠብቁ ነበር። ከዚህ ሌላ ጥቂት የሚወራለት ጥቅም ያለ ይመስለኛል። ፈተና አልፋ ዩኒቨርሲቲ ያልገባች፣ ሥራም ያላገኘች ወጣት በሰፈሩ የምትታወቀው የእገሌ ልጅ ተብላ ነው። ሥልጠና ወስዳ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግራ፣ የአንድን ቤተሰብ ጠብ አብርዳ ስትመለስ ግን በራሷ ስም የምትጠራ፣ ምክር የምትጠየቅ ሰው ትሆናለች። ልምዱ ወደ ቅጥር ይወስደኛል ብለው ተስፋ ያደረጉም ነበሩ። ይህን ተስፋ እንደ ነውር የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ነውርነቱ አይታየኝም። ሕመምተኛን ከልብ መርዳትና ነገ ሥራ ለማግኘት መመኘት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ።

ሁለተኛው ነገር ይጎመዝዛል። ጥናቱ የተካሄደበት ወቅት የኢትዮጵያን ሚሊኒየም ባከበርንበት ዓመት የእህል ዋጋ ከቁጥጥር ውጭ የናረበት ጊዜ ነበር። ከበጎ ፈቃደኞቹ የሚበዙት የምግብ ዋስትና ያልነበራቸው ሰዎች ሆነው ተገኙ። የምግብ እጦቱም ከጭንቀትና ከድባቴ ምልክቶች ጋር ተያይዞ ታየ። ለተራበ ሕመምተኛ ምግብ የምታፈላልግ ሴት እሷም ራሷ ምሳ ሳትበላ ትዞር ነበር ማለት ነው። እርግጥ ተመራማሪዎቹን ያስገረመ ውጤትም አለ፤ ዋጋው ጣሪያ በነካበት ወቅት የበጎ ፈቃደኞቹ ረሃብና ጭንቀት እንደተጠበቀው እየባሰ አልሄደም። ይህን ይዞ «አየህ፣ በጎ ሥራ ከረሃብ ይከላከላል» ለማለት ይቸኮል ይሆናል። አጥኚዎቹ ግን እንዲህ አላሉም፤ መላሾቹ ችግራቸውን የሚገልጹበት መንገድና ደጋግሞ መጠየቁ ራሱ መልሱን ሊነካው እንደሚችል አሳስበዋል። እርካታው እውነት ነበር፤ ረሃቡም እውነት ነበር፤ አንዱ ሌላውን አልሰረዘውም።

እዚህ ላይ ተጠራጣሪ አንባቢ ሌላ ጥያቄ ያነሳል፦ በጎ ፈቃድ ጥቅም ይሰጣል ሲባል፣ ቀድሞውኑ ጤነኛና ደስተኛ የሆነ ሰው በጎ ፈቃደኛ ስለሚሆን ይሆን? ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ቁጥሩም በከፊል ይደግፈዋል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ አስልቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ትንተና፣ በበጎ ፈቃድ የሚሳተፉት በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው ከማይሳተፉት በ47 በመቶ ያነሰ መሆኑን አገኘ። የቀድሞ ጤናና መሰል ልዩነቶች ሲቀነሱለት ግን ልዩነቱ ወደ 24 በመቶ ወረደ። ግማሽ ያህሉ የተጠራጣሪው ድርሻ ነው፤ የቀረውም ቀላል አይደለም። በዚያው ዓመት ከካናዳ የተሰማው ጥናት ተሳታፊዎቹ በዕጣ የተመደቡበት በመሆኑ ይህን ጥርጣሬ ይበልጥ ይመልሳል። 106 የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ለሁለት ወር ያህል በየሳምንቱ ትንንሽ ልጆችን ሲረዱ፣ ግማሾቹ ተራቸውን ጠበቁ። የረዱት በደማቸው ውስጥ የኮሌስትሮልና የብግነት መጠን ቀንሶ ተገኘ። ሌሎች የሙከራ ጥናቶች ግን ሁሉም ተመሳሳይ ውጤት አላመጡምና ጉዳዩ ተዘግቷል ማለት አይቻልም። ለኔ ይበልጥ የሚያስተምረኝ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1957 ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ ሰዎችን ለአሥርት ዓመታት የተከተለው ጥናት ነው። ለሌላው ሰው ብለው በበጎ ፈቃድ የሠሩት ረዘም ያለ ዕድሜ ሲያገኙ፣ ለራሳቸው ጥቅም ብለው የገቡት ግን ጭራሽ ካልተሳተፉት አልተለዩም። የምስክር ወረቀት ለመሰብሰብ የሚሮጥ ሰው ወረቀቱን ያገኛል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ወደ ኮልፌ እንመለስ። እርስ በርስ መረዳዳት ሲነሳ እድር መነሳቱ አይቀርም፤ ወዲያውም ተቃውሞ ይመጣል። እድር ወርሃዊ መዋጮ አለው፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ መክፈል ያልቻለ ይሰረዛል፤ ታዲያ ይህ ኢንሹራንስ እንጂ በጎ ፈቃድ ነው ወይ? ስለ መዋጮው ከሆነ ተቃውሞው ትክክል ነው። የመዋጮውን መዝገብ የሚይዘው ጸሐፊ፣ ካዝናውን የሚጠብቀው ገንዘብ ያዥ፣ ጠብ የሚዳኘው ሰብሳቢ፣ ድንኳንና ድስት የሚቆጥረው ንብረት ክፍል ግን እሁዳቸውን ለዓመታት ሲሰጡ በአመዛኙ የሚያገኙት ምስጋና ነው፤ አንዳንዴም ሐሜት። በነዚህ ቦታዎች ላይ ብዙ ሰው ሒሳብ መያዝን፣ ስብሰባ መምራትን፣ የተጣላን ማስማማትን ተምሯል። በኤችአይቪ ዘመንም ለሙት የተቋቋሙ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች በሕይወት ያለውን ሕመምተኛና ወላጅ ያጣውን ልጅ ወደ መርዳት ተሻግረዋል። አዲስ ድርጅት ለማቋቋም ዓመታት በሚፈጅበት ነገር እነሱ ፈጥነው የተንቀሳቀሱት መተዋወቁ ቀድሞ ስለነበረ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ረጲ ያለው የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ደግሞ በእጃቸው የሚቆፍሩ የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። የትኛው ጎጆ የት እንደነበረ፣ በዚያ ሰዓት ማን ቤት እንደሚሆን የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን ዘመቻ አይገኝም፤ ለዓመታት ሰርግና ለቅሶ አብሮ ከመዋል የሚመጣ ነው። በመልሶ ማልማት ከኮልፌ ተነስቶ ወደ ሩቅ ኮንዶሚኒየም የሚሄድ ቤተሰብ ከቤቱ ጋር የሚያጣውም ይህንኑ ነው፤ በካሣ ስሌት ውስጥ ግን ስፍራ የለውም።

በትእዛዝ የሚሆን በጎ ፈቃድስ? አገራችን በዚህ በኩል ረጅም ልምድ አላት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ዘመቱ። ግዳጅ ስለነበር ከንቱ ነበር አልልም፤ ብዙ የከተማ ልጅ ገበሬውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያኔ ነው። ነገር ግን በሥነ ልቦና የተሠራ ሥራ እንደሚያሳየው ሰው ተገድጄ ነው የማገለግለው ብሎ ከተሰማው፣ ወደፊት በራሱ ፈቃድ ለመቀጠል ያለው ፍላጎት ይቀንሳል። «ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ» ተብሎ የሚሰበሰብ ሰው ቦዩን ይጠርግ ይሆናል፤ በማግስቱ ግን ቦዩ የሱ ጉዳይ አይደለም። በኔ ግምት የክረምቱ ዘመቻም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም፤ ቁጥር ለማሟላት የተሰለፈ ወጣት ጥቅምት ሲገባ ያደሰው ቤት ባለቤት እንዴት እንዳሉ ሊጠይቅ የሚመለስ አይመስለኝም። ተመልሶ የሚጠይቀው ግን ሌላ ዘመቻ የሚያስፈልገው ሰው አይሆንም።

የመጨረሻው ክርክር የገንዘብ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። ለበጎ ፈቃደኛ መክፈል በጎነቱን ያጠፋል፣ ዘላቂም አይሆንም ይባላል። በአለርቱ ዘመን ድርጅቶችና ባለሥልጣናት ያቀርቡት የነበረው መከራከሪያም «ዘላቂነት» ነበር። ሜስና ባልደረቦቹ በኋላ በአማራ ክልል ገጠር የሴቶች ልማት ሠራዊት አባላትን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ውጤት ለዚህ ክርክር አይመችም፤ ጤና ኤክስቴንሽንን ያለ ክፍያ የሚያግዙት ሴቶች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የተቸገሩና የተጨነቁ ሆነው ተገኙ። ለሌላው ጤና የሚደክመው፣ ከሚደከምለት ሰው በባሰ ድህነት ውስጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ በማኅበረሰብ ጤና ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች ለሥራቸው ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። ክፍያ በጎነትን ያጠፋል የሚለውን ስጋት ግን እድር ራሱ ከረጅም ጊዜ በፊት የመለሰው ይመስለኛል። በለሊት ተነስቶ በየመንደሩ ጥሩምባ እየነፋ መርዶ የሚያሰማው ለፋፊ ይከፈለዋል፤ ሥራው ዕንቅልፉንና ጉልበቱን የሚወስድ፣ በተፈለገ ጊዜ ሁሉ የሚጠራበት ነውና። ሰብሳቢው አይከፈለውም፤ የሚሰጠው እሁድን ነው። ስለተከፈለው ለፋፊውን ከእድርተኛነት ያወጣው፣ ጥሩምባውን ሰምቶም «ይህ ቅጥረኛ ነው» ብሎ ለቅሶ የቀረ የለም። ከቤት ቤት እየዞረች ሕመምተኛ ለምታጥብ ሴት ቢያንስ የታክሲና የምሳ ወጪዋን የሚሸፍን ወረዳ ወይም ድርጅት ከለፋፊው ጎን አስቀመጣት ማለት ነው፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆች የሚያስጠናው የባንክ ሠራተኛ ደግሞ ከሰብሳቢው ጎን ይቀመጣል።