ሐይቅ ላይ የሽርሽር ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ቢበርብን ምን እናደርጋለን?

ዛሬ ስለ ድምፅ እናወራለን።

በጠዋት ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከማዶ የሚጣራ ሰው ድምፅ አጠገባችሁ ያለ ይመስላል። ጠዋት ውሃው ላይ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይቀዘቅዛል፤ ድምፁ ወደ ላይ ከመበተን ወደ ታች ታጥፎ ሩቅ ይሄዳል። የሰው ጥሪ ሲሆን ደስ ይላል። ሄሊኮፕተር ሲሆንስ?

እውነቱን ለመናገር፣ እስካሁን ሐይቅ ላይ ቱሪስት እያሳፈረ የሚያዞር ሄሊኮፕተር አላየንም። ግን በአገራችን እንግዳ በሄሊኮፕተር ወደ ስሜን ተራሮችና ዳናክል የሚወስዱ አስጎብኚዎች አሉ። ሐይቁ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም፣ የአምባሰል ተራሮችና ግሸን ደግሞ ከላይ ቢያዩአቸው የሚያጓጉ ናቸው። ቱሪስት ይምጣ፣ እሰየው ነው። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱን እዚህ ሆኖ ያሳለፈ ሰው ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣበት ሽርሽር አይደለም። ስለዚህ ነገሩ ከመምጣቱ በፊት ማወቅ ይሻላል።

🔹 ስንት ሜትር ነው "ዝቅ ያለ" የሚባለው?

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ እንዲህ ይላል፦ በዓይን እያየ የሚበር አብራሪ ከተማ ወይም ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ላይ ሲሆን፣ በ600 ሜትር ዙሪያ ካለው ረጅም ነገር ቢያንስ 300 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ሌላ ቦታ ከመሬት ወይም ከውሃ 150 ሜትር። መነሳትና ማረፍ፣ እንዲሁም ባለሥልጣኑ የፈቀደው በረራ ከዚህ ውጪ ነው። መስከረም 21 ግሸን ላይ ያለውን ህዝብ አስቡት፤ "ሰው የተሰበሰበበት" ማለት ያ ነው።

🔹 ከፍታውን በስልክ ማወቅ ይቻላል?

አዎ፣ ግን በጥንቃቄ። ብዙ አውሮፕላኖች ቦታቸውንና ከፍታቸውን በሬዲዮ እያሰራጩ ይበራሉ። በጎ ፈቃደኞች ቤታቸው ባስቀመጡት መቀበያ ይይዙትና እንደ ፍላይት ራዳር 24 ባሉ መተግበሪያዎች እናየዋለን። ሁለት ወጥመድ አለ፦

አንደኛ፣ የሚታየው ከፍታ ከባህር ወለል እንጂ ከእኛ ጣሪያ አይደለም። ሐይቁ ራሱ ከባህር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መተግበሪያው 7,000 ጫማ ካለ 2,134 ሜትር ማለት ነው፤ ከውሃው በላይ ያለው ግን 230 ሜትር አካባቢ ብቻ።

ሁለተኛ፣ መቀበያው አውሮፕላኑን የሚከልል ነገር ሲኖር አይሰማውም። ተራራ ለተራራ ዝቅ ብሎ የሚበር ሄሊኮፕተር ከነጭራሹ ላይታይ ይችላል። "ስልኬ ላይ የለም" ማለት "አልበረረም" ማለት አይደለም።

🔹 ድምፁንስ?

የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ በነፃ አውርዳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። የስልክ ማይክ የላብራቶሪ መሣሪያ ስላልሆነ ቁጥሩ ፍርድ አይሆንም፤ ለማነፃፀር ግን ይጠቅማል። ሁሌም በአንድ ስልክ፣ ከአንድ ቦታ ለኩ። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሯችን እጥፍ ያህል ይሰማል። የአገራችን መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው።

እዚህ ጋ ዋናው ነጥብ፦ ዛሬ፣ ምንም ሳይመጣ፣ ፀጥታውን ለኩ! ነገ "ድሮም እንዲሁ ነበር" ሲባል የምታሳዩት ይኖራችኋል።

🔹 ምን ብለን እንመዝግብ?

ቀን፣ ሰዓት፣ የቆማችሁበት ቦታ፣ ለስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የታየ ቁጥር ወይም ቀለም፣ ምን እንዳደረሰ (ከብት ደነበረ፣ ትምህርት ተቋረጠ)። ሰዓት ላይ እንዳትሳሳቱ፤ የበረራ መተግበሪያ በዓለም አቀፍ ሰዓት ሊያሳይ ይችላል። የእኛ ጠዋት 3:20 እዚያ 6:20 ነው።

🔹 የት ይቀርባል?

ከፍታውን በተመለከተ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ድምፁን በተመለከተ ለአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም እንደ ብክለት ያያል። "አንተን ምን አገባህ?" አይባልም፤ ማንም ሰው አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኛችሁ ወይም በውሳኔው ካልረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

🔹 ሌላው ዓለምስ?

አሜሪካ ግራንድ ካንየን ላይ እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1986 የጎብኚ ሄሊኮፕተርና ትንሽ አውሮፕላን ተጋጭተው 25 ሰው ሞተ። በዓመቱ ህግ ወጣ፤ መብረር የማይቻልባቸው ቀጠናዎችና የተወሰኑ መስመሮች ተለዩ። ኒውዮርክ ላይ ነዋሪው ለዓመታት አቤት ካለ በኋላ ከተማውና ድርጅቶቹ በ2016 ተስማሙ፤ በዓመት ወደ 60 ሺህ የሚጠጋው የሽርሽር በረራ በግማሽ እንዲቀንስ። ግን ስምምነቱ የከተማውን ማረፊያ ብቻ ነበር የሚመለከተው። ከጎረቤት ኒውጀርሲ የሚነሱት መብረራቸውን ቀጠሉ። ትምህርቱ ምንድነው? ሐይቅ ብቻውን ቢጮህ አይበቃም። ተሁለደሬም፣ አምባሰልም፣ ደሴም አብረው ቢናገሩ ነው።

⚠️ አደራ! ይሄ ሁሉ ስለ ሲቪል የሽርሽር በረራ ነው። ወታደራዊ ወይም የፀጥታ በረራ አትቅረፁ፣ አትለጥፉ፤ ለራሳችሁም ለቤተሰባችሁም አደጋ አለው። በሽተኛ ወይም እርዳታ የሚያመላልስ ሄሊኮፕተር ከሆነ ደግሞ መንገድ ይቅናው እንላለን።

እኛ ነገ በጠዋት ሐይቅ ዳር ወጥተን ፀጥታውን እንለካለን። እናንተም ከየሰፈራችሁ ለኩና ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት። ስማርት ስልክ ለሌላቸው አባትና እናቶቻችን ደግሞ አንብቡላቸው 🙏