ቀዩ ዓሣና ጎረቤቶቹ

ካርቱምን የጎበኘ መንገደኛ ሙግረን የሚባለውን ሥፍራ ሳያይ አይመለስም። ከጣና ተነሥቶ በገደላገደል መካከል ሲጓዝ የከረመው የአገራችን ጥቁር ዓባይ ከደቡብ ከሚመጣው ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው በዚህ ነው። በክረምት ወራት የደጋውን አፈር ተሸክሞ የሚደርሰው ውሃ ቡናማ፣ ሌላው ደግሞ ነጣ ያለ በመሆኑ፣ ሁለቱ ወንዞች ወዲያው ሳይዋሐዱ ጎን ለጎን ሲወርዱ ይታያሉ። ከማዶ በኦምዱርማን በኩል የሚገኘው ሞረዳ የተባለው ሥፍራ ለረጅም ዘመን በዓሣ ገበያነቱ የታወቀ ነው። በዚያ የሚቀርበው ዓሣ ለመጥበሻና ለድስት ሲሆን፣ እኛ ግን በዛሬው የቤተሰብ አምዳችን የምናነሣው በመኖሪያ ቤት በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ለዓይን ደስታና ለልጆች ትምህርት ስለሚቀመጠው ዓሣ፣ በተለይም ከጎረቤቶቹ ጋር ተስማምቶ መኖር ስላቃተው ጠበኛ ዓሣ ነው።

ዓሣን ለመንፈስ እርካታ ማኖር በዓባይ ዳርቻ አዲስ ልማድ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ዓመት ገደማ በግብፅ በቴብስ ይኖር የነበረው ነባሙን የተባለ ሹም ከመቃብሩ ግድግዳ ላይ ካሠራቸው ሥዕሎች አንዱ በዛፎች የተከበበ የአትክልት ኩሬን ያሳያል፤ በኩሬውም ዳክዬዎችና ዓሦች ይዋኛሉ። ሥዕሉ አሁን በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። የሹሙ ኩሬ ግን ሰፊ ነበር። የዘመናችን የመስተዋት ገንዳ ጠባብ ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ከጥበቱ ነው።

ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመነሣቱ በፊት፣ በካርቱም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዴም ሠፈር በእንግድነት የተቀበለን አንድ የአገራችን ቤተሰብ እንዲህ ያለ ገንዳ ነበረው። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ስፋቱና ከፍታው አርባ አርባ ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ወደ 150 ሊትር ውሃ ይይዛል። በውስጡም ሱዳናውያን ቡልቲ፣ እኛ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ አሥር ጫጩቶች፣ ገርጉር የተባሉ ሁለት ባለ ጢም ዓሦች፣ እንዲሁም የቤቱ ልጆች ከነጭ ዓባይ ዳር፣ ሣር ከበዛበት ውሃ በወንፊት ቀድተው ያመጧቸው ሁለት ቀላ ያሉ ትናንሽ ዓሦች ይኖሩ ነበር። እኛ በደረስንበት ሰሞን ከአሥሩ ቡልቲዎች ሦስቱ ሞተዋል፤ የቀሩትም ጭራቸው ተሸርክቶ በአንዲት ማዕዘን ከውሃው ገጽ ሥር ተጣብቀው ቆመዋል። ሰፊው የገንዳው ክፍል በሙሉ የቀዮቹ ሆኗል።

የቤቱ እመቤት ተማረዋል። «ይህን ሽፍታ በዘይት ጠብሼ ካልገላገልኳቸው እንቅልፍ አይወስደኝም» ይላሉ። ባለቤታቸው ደግሞ ከሁለቱ ይበልጥ ተናዳጁን እያሳዩ፣ «ተዪው እንጂ! ወንድ ማለት እንዲህ ነው፤ ድንበሩን ያስከብራል» እያሉ ይከራከራሉ። ሙግቱ ያበቃው በሦስተኛው ቀን፣ ያ የተሞገሰው ወንድ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዕንቁላል ሲደረድር በተገኘ ጊዜ ነው።

ይህ ዓሣ በሳይንስ ስሙ ሔሚክሮሚስ የሚባለው ሲሆን፣ በናይል ተፋሰስ የሚኖር፣ ገላው በሚያብረቀርቁ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ያጌጠ በመሆኑ ዓሣ አርቢዎች የዕንቊ ዓሣ ይሉታል። ወንዱና ሴቷ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ለመለየት ያስቸግራሉ። ርዝመቱ ከአንድ ጎልማሳ እጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ግን እንደ ፍም ይቀላል፤ ሴቷ በድንጋይ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕንቁላሎች ትጥላለች፤ ከዚያም እናትና አባት ተባብረው ዕንቁላሉንም ጫጩቶቹንም ለሳምንታት ይጠብቃሉ። በዚያን ጊዜ ወደ ድንጋዩ የሚጠጋ ሁሉ ለእነርሱ ልጅ ቀማኛ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ከክፋት የመጣ አለመሆኑን ልብ ይሏል። በወንዝ ውስጥ ቢሆን፣ ተባራሪው ቡልቲ ሦስትና አራት ሜትር ርቆ ሲሸሽ ጠቡ ወዲያው ይበርዳል፤ ባለ ጎጆው ወደ ዕንቁላሉ ይመለሳል፤ ማንም አይሞትም። በገንዳ ውስጥ ግን ተሸናፊው የሚሸሽበት የለውም። ምንጊዜም ከአሸናፊው ዓይን ሥር ነው። ለአንድ አፍታ ሊሆን የሚገባው ማባረር ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል፤ ደካማው ምግብ ይተዋል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል። መሸሻውን የዘጋው ጠበኛው ዓሣ ሳይሆን መስተዋቱን የገጠመው ሰው ስለሆነ፣ መሸሻ የማዘጋጀቱም ግዴታ የሰው ነው። በእጃችን የያዝነው እንስሳ ምን ያህል በእኛ ላይ የተመካ መሆኑን ካርቱም በመራራ መንገድ አይታዋለች፤ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይጠበቁ የነበሩ እንስሳት፣ ጦርነቱ ሲጀመር ጠባቂዎቻቸው ሊደርሱላቸው ባለመቻላቸው በምግብና በውሃ እጦት አልቀዋል።

ከመፍትሔው በፊት ግን አንድ ነገር መለየት ያሻል። ጠበኛና በላተኛ አንድ አይደሉም። በካርቱም ወንዞች ከሚገኙት መካከል ዒጅል የተባለው የናይል ፐርች ከሰው ቁመት ሊስተካከል የሚችል ዓሣ በል ነው፤ ፈሃቃ የተባለው ደግሞ ሲቆጡት ሆዱን እንደ ኳስ የሚነፋ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በሚሰብር ጥርሱ የጎረቤቱን ክንፍ የሚቆርጥ ነው፤ ዐረቦች ረዓድ፣ ማለትም ነጎድጓድ የሚሉት ዓሣ እስከ 350 ቮልት በሚደርስ የኤሌክትሪክ ምት አደኑን ያደነዝዛል። እነዚህን ማስታረቅ አይቻልም። የሚኖሩት ለየብቻቸው ነው። ሽማግሌ የሚያስፈልገው እንደ ዕንቊ ዓሣና እንደ ቡልቲ ላሉት፣ ጎረቤታቸውን ለመብላት ሳይሆን ሥፍራ ለማስከበር ለሚጣሉት ነው።

በዴም ያየነው አሠራር በአብዛኛው የእመቤቲቱ ነበር፤ እኛም እጅግ አስተውሎት የተሞላበት ሆኖ አግኝተነዋል። በመጀመሪያ ቀዮቹ ያሳደጓቸው ጫጩቶች ጠንክረው ተለይተው እስኪወሰዱ ድረስ ቡልቲዎቹን በሰፊ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ አቆዩአቸው። ቀጥሎ ሁለቱን ቀዮች አውጥተው ለአራት ቀናት በሌላ ዕቃ አኖሩ። ወታደሮች አንባቢዎቻችን ይህን ቅጣት ሳያውቁት አይቀሩም፤ ዓላማው ግን ቅጣት አይደለም። ጠበኛው በሌለበት ጊዜ ድንጋዩ፣ አሸዋውና ተክሉ ቦታ እንዲለዋወጥ፣ ቡልቲዎቹም ቀድመው ገብተው የየራሳቸውን ጥግ እንዲይዙ ነው። ሱዳናውያን ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ዚር የተባለ ትልቅ የሸክላ ጋን አለ፤ እመቤቲቱ የተሰበረ ዚር ገሎችን በደንብ አጥበው፣ በገንዳው ወለል ላይ አንዱ ከሌላው እንዳይተያይ አድርገው እንደ ዋሻ ደፉአቸው። ቀዮቹ ሲመለሱ የቀድሞ ግዛታቸውን ምልክት አጡት። እንደ እንግዳ ገቡ። ለቀናትም ያህል መልካም ጠባይ ነበራቸው።

ለቀናት ያህል ማለታችንን አንባቢ ያስተውል። ጥንዶቹ እንደገና ዕንቁላል ለመጣል ሲዘጋጁ ዋሻውም ሆነ ገሉ አይበቃም። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ገንዳውን በመስተዋት ለሁለት መክፈል ነው። አንዳንድ አርቢዎች የዓሣውን ቁጥር በማብዛት ቁጣው በብዙዎች ላይ እንዲከፋፈል ማድረግን ይመክራሉ፤ ዘዴው ጠንካራ የውሃ ማጣሪያ ባለበት ትልቅ ገንዳ ሊሠራ ይችላል። በ150 ሊትር ውሃና በካርቱም ሙቀት ግን ከጠቡ አድኖ በመታፈን መግደል ስለሚሆን እኛ አንደግፈውም።

ስለ መስተዋቱ ክፍፍል ካነሣን፣ በእንስሳት ጠባይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሊቃውንት አንዱ የሆነው ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ የጻፈውን ለባለትዳሮች ማካፈል ተገቢ ነው። ከዕንቊ ዓሣ ጋር የሚዛመዱ ዓሦችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በመስተዋት ለይቶ ሲያኖር፣ ባሎቹ ቁጣቸውን በመስተዋቱ ማዶ ባለው ጎረቤት ላይ እየተወጡ ከሚስቶቻቸው ጋር በሰላም ይኖራሉ። መስተዋቱ በአልጌ ተሸፍኖ ጎረቤት ሲሰወር ግን ባል ሚስቱን መናከስ ይጀምራል፤ መስተዋቱ ሲወለወል ሰላም ይመለሳል። በውጭ የተናደደበትን በቤቱ የሚወጣ አባወራ ይህን ሲያነብ ወዴት እንደሚመለከት የምታውቀው ባለቤቱ ናት።

ይኸው ሊቅ ስለ ዕንቊ ዓሣም የተረከው አለ። ሲመሽ አባትየው የባዘኑትን ጫጩቶች በአፉ እየለቀመ ወደ ጎጆው ይመልሳል። አንድ ምሽት ትል እያኘከ ሳለ የባዘነ ልጁን አየና እርሱንም ወደ አፉ አስገባ። የሚዋጥና የማይዋጥ በአንድ አፍ ገጠሙ። ዓሣው ለጥቂት ጊዜ ድርቅ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ሁለቱንም ተፋና፣ ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳይነቅል ትሉን ቀስ ብሎ በላ፤ ልጁንም አንሥቶ ወደ እናቱ ወሰደ። ይመለከቱ የነበሩት ተማሪዎች አጨበጨቡ። እኛም ይህን ካነበብን ወዲህ ሽፍታ የሚለው ስም ለዚህ ዓሣ ከብዶታል እንላለን።

ሙቀትን በሚመለከት፣ በግንቦት ወር የካርቱም ቀን በአብዛኛው ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። 20 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ 30 ዲግሪ የሆነው ግን ሰባት ተኩል ያህል ብቻ ይይዛል። ውሃው በሞቀ መጠን የዓሣው ደምም ይፈላል፤ ጠቡ ይበረታል፤ ተባራሪው ደግሞ የሚተነፍሰው ያጥረዋል። መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ሲቆም አደጋው ዕጥፍ ነው። ስለዚህ ገንዳውን ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ማራቅ፣ በጎኑ እርጥብ ጨርቅ መጋረድ፣ ሐቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ መክደን፣ ፓምፑ በቆመ ጊዜም ከገንዳው በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይጠቅማል። አዲስ የሚጨመረው የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ቀን በክፍት ዕቃ ቢያድር መልካም ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጠበኛው አልመለስ ቢል መለየት አለበት። ለብቻው ገንዳ፣ ወይም ብቻውን ለሚያኖረው ወዳጅ መስጠት ይሻላል፤ እንደ ቡልቲ ያለው ሲያድግ ለማዕድ ቢቀርብም ነውር የለበትም። ወደ ወንዝ መልቀቅ ግን አይገባም። በገበያ ከተገዛ ዓሣ ጋር የቆየ ሁሉ በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ወደማያውቀው ውሃ ከገባ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። የዕንቊ ዓሣ ራሱ ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ለጌጥ ተወስዶ፣ ዛሬ በፍሎሪዳ ረግረጎች ተራብቶ የአገሩን ዓሦች ያስቸግራል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በቪክቶሪያ ሐይቅ የተለቀቀው የናይል ፐርችም በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ብዙ የዓሣ ዓይነቶችን አጥፍቷል።

ከሱዳን ወደ አገራቸው የሚመለሱ ቤተሰቦች ይህን ይበልጥ ሊያስቡበት ይገባል። ጣናንና የታችኛውን ዓባይ 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሚለያቸው፣ የካርቱም ዓሣ በራሱ ኃይል ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም። ከዚያ ፏፏቴ በላይ ባለው ውሃ አሥራ አምስት ያህል የትልልቅ ባርበስ ዓይነቶች የሚኖሩ ሲሆን፣ ስምንቱ ዓሣ በሎች፣ ብዙዎቹም በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የሌላቸው ናቸው። ፏፏቴውን ሊያሻግረው የሚችለው በልጅ እጅ የተያዘ ጣሳ ብቻ ነው።