ጨው የማይበግረው ሪል

የባሕር ዓሣ ማጥመጃ ሪል ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በዓሣው ይሳበባል። «ትልቅ ዓሣ ያዘና ሰባበረው» ይባላል። ሪሉ ተፈትቶ ሲታይ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፤ የዛገ ኩሽኔታ፣ ነጭ ዱቄት ያለበሰው አሉሚኒየም፣ ከቤቱ ጋር ተጣብቆ አልፈታ ያለ ብሎን። ዓሣው የደረሰው ጉዳቱ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ለባሕር የሚሆን ሪል የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ስንት ኪሎ ይጎትታል?» ብሎ ሳይሆን «ጨው በየት በኩል ይገባበታል? ከገባስ ምን ዓይነት ብረት ያገኛል?» ብሎ ነው።

የምናወራው ስለ ስፒኒንግ ሪል ነው፤ ከዘንጉ ሥር ተንጠልጥሎ ስለሚሠራው። ይህ ዓይነቱ ሪል ሲወረወር ማጠንጠኛው አይዞርም፤ ክሩ በማጠንጠኛው ጫፍ በኩል እየተተረተረ ይወጣል። በእንግሊዝ አገር የብራድፎርድ የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብት የነበረው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1905 ለእንዲህ ያለ ሪል የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ሐሳቡን ያገኘው ከፋብሪካው ነው ይባላል፤ ሸማኔ ከቀሰም ላይ ክር ሲስብ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ክሩን መልሶ የሚጠቀልለው በማጠንጠኛው ዙሪያ የሚሽከረከረው ክንፍ ነው። በክንፉ ላይ የሽቦ ቅስት አለ፤ በቅስቱ ጫፍ ደግሞ ክሩ የሚታጠፍባት ትንሽ መዘውር አለች። ወደዚህች መዘውር እንመለሳለን።

መጀመሪያ ግን ስለ ውኃው። አንድ ሊትር የውቅያኖስ ውኃ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ቀይ ባሕር ወደ ሰሜን ሲኬድ፣ እንዲሁም የፋርስ ባሕረ ሰላጤ፣ 40 ግራምና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ፤ የሜዲትራንያን ምሥራቃዊ ጫፍም ከ39 ብዙ አይርቅም። በጂዳ፣ በዱባይ ወይም በአሽዶድ ዳርቻ ዘንግ የሚይዝ ሰው ከዓለም ባሕሮች ጨዋማ በሆኑት ላይ ነው የሚያጠምደው። በባሮ ወንዝ ናይል ፐርች ሲጎትት ዓመታት ያገለገለ ሪል እነዚህ ዳርቻዎች ላይ በአንድ ወቅት ሊያበቃለት ይችላል።

ደግሞም ጨው ደረቀ ሲባል ደረቀ ማለት አይደለም። የአየሩ እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሲጠጋ የገበታ ጨው ራሱ ከአየር ውኃ እየሳበ መሟሟት ይጀምራል። በባሕር ውኃ ውስጥ አብሮት የሚገኘው ማግኒዚየም ክሎራይድ ደግሞ ከ33 በመቶ ጀምሮ ይህንኑ ያደርጋል። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የበጋ ሌሊት እርጥበቱ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ሳይታጠብ ጓዳ የገባ ሪል፣ በጨርቅ ቢወለወልም፣ ስንጥቆቹ ውስጥ ሌሊቱን ሁሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል። ጉዳቱ የሚብሰውም ባሕሩ ላይ ሳለ ሳይሆን ያን ጊዜ ነው።

የማይዝግ የሚባለው ብረት ሳይዝግ የሚቆየው በውስጡ ያለው ክሮሚየም ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በላዩ ላይ እጅግ ስስ ሽፋን ስለሚሠራለት ነው። ሽፋኑ በናኖሜትር የሚለካ ቢሆንም፣ ሲጫር ራሱን በራሱ ይጠግናል። የባሕር ጨው ግማሽ አካል የሆነው ክሎራይድ ግን ይህን ጥገና ያጨናግፋል። ሽፋኑ የደከመበትን ነጥብ ያገኝና ይበሳዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀዳዳው ራሱን ያሳድጋል። የሟሟው ብረት በውስጡ ያለውን ውኃ አሲዳማ ያደርገዋል፤ አሲዱ ሌላ ብረት ያሟሟል፤ የሟሟው ብረት በኤሌክትሪክ ሙላቱ ተጨማሪ ክሎራይድ ከውጭ ወደ ቀዳዳው ይስባል። ከላይ ሲታይ መርፌ የነካው የሚመስል ነጥብ ብቻ ነው። ሥሩ ግን ተቦርቡሯል። እንዲህ ያለ ነጥብ በኩሽኔታ ጥይት ላይ ሲወጣ እጀታው ሲዞር ሻካራ ድምፅ ይሰማል።

ሁለተኛው ጉዳት የሁለት ብረቶች ጎረቤትነት ነው። ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ባትሪ ዚንክና መዳብ እየተፈራረቁ ተደርድረው፣ በመካከላቸው በጨው ውኃ የራሰ ጨርቅ የገባበት ነበር። ሪልም አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየም፣ የማይዝግ ብረት፣ ነሐስና ዚንክ ተጠጋግተው የተሰበሰቡበት ዕቃ ነው፤ ጨው ውኃ ሲገባበት እያንዳንዱ መጋጠሚያ ትንሽ ባትሪ ይሆናል። ኤሌክትሮን የሚሰጠው ብረት ይበላል፣ የሚቀበለው ይተርፋል። ከእነዚህ ሁሉ ፈጥኖ የሚሰጠው ማግኒዚየም ነው፤ ዚንክና አሉሚኒየም ይከተላሉ። የማይዝግ ብረት ብሎን በአሉሚኒየም አካል ላይ ሲጠብቅ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ከመበላቱ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ብሎኑን አንቆ ይይዘዋል። ካርቦን ፋይበርም ብረት ባይሆንም በዚህ ጨዋታ ተቀባይ ሆኖ ይገባል፤ በኋላ የምናያቸው የፍሬን ሰሌዳዎች ከካርቦን ሲሠሩ ግራሶ መቀባታቸው ከሚጠቅምበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

ከዚህ ተነሥተን አካሉን እንምረጥ። ማግኒዚየም እጅግ ቀላል ነው፤ ክብደቱ በሴንቲ ሜትር ኩብ 1.74 ግራም ሲሆን የአሉሚኒየም 2.7 ነው። በእጅ ሲይዙት ደስ ይላል። ነገር ግን መላ ተስፋው በተቀባው ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ በድንጋይ ተጭሮ አንዲት ጠባብ ቦታ ከተጋለጠች የብረቶቹ የባትሪ ሥራ ሁሉ በእሷ ላይ ያርፍና ፈጥና ትቦረቦራለች። ከድንጋይ ላይ ለሚያጠምድ፣ ሪሉን አሸዋ ላይ ለሚያስቀምጥ ሰው ማግኒዚየም አልመክርም። በፋይበር የተጠናከረ ፕላስቲክ ፈጽሞ አይዝግም፤ ድክመቱ ሌላ ነው። ከባድ ጭነት ሲያርፍበት በጥቂቱ ይለመጣል፣ ሲለመጥ በውስጡ ያሉት የማርሽ ጥርሶች ከመስመራቸው ይወጣሉ፣ ከመስመር የወጣ ጥርስ ደግሞ ያልቃል። ለመካከለኛ ዓሣ ይበቃል፤ ለትልቅ ቱና ግን አይሆንም። አኖዳይዝ የተደረገ አሉሚኒየም በእኔ ፍርድ ከሁሉ ይሻላል፤ አሉሚኒየም በተፈጥሮው የሚለብሰው ኦክሳይድ በኤሌክትሪክ ኃይል ከሺህ እጥፍ በላይ እንዲወፍር ይደረግና ጨው በቀላሉ የማይበሳው ይሆናል። ክብደቱን እጅ ይለምደዋል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ ስለሚጻፈው የኩሽኔታ ብዛትም መናገር ያስፈልጋል። አሥር ኩሽኔታ ያለው ሪል አምስት ካለው ይበልጣል የሚለው እምነት በባሕር ላይ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ኩሽኔታ ዝገት የሚገባበት አንድ ተጨማሪ ቦታ ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ ኩሽኔታው ከምን ተሠራ፣ ጎኑስ በምን ተዘጋ የሚለው ነው። ለጭነት የሚመረጠው 440ሲ የተባለው ጠንካራ ብረት ክሮሚየም ቢኖረውም፣ በውስጡ ያለው አንድ በመቶ ያህል ካርቦን ክሮሚየሙን ከፊሉን ይሻማዋል፤ ስለዚህ ጥንካሬውን ያገኘው የዝገት መከላከያውን ቀንሶ ነው። ጎኑ በስስ ቆርቆሮ የተከለለ ኩሽኔታ አሸዋን እንጂ ውኃን አያግድም። ውኃ የሚያግደው በጎማ የተዘጋው ነው።

አሁን ወደዚያች መዘውር እንመለስ። ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማጠንጠኛ አንድ ዙር 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ይጠቀልላል። እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ክንፉ ስድስት ጊዜ የሚዞር ከሆነ ከአንድ ሜትር በላይ ክር ገባ ማለት ነው። ያ ሁሉ ክር የሚያልፈው ስፋቷ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነች መዘውር ላይ ነው፤ ስለዚህ በአንድ የእጀታ ዙር 36 ጊዜ ያህል ትዞራለች። በሰከንድ አንድ ጊዜ ብናዞር በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ይሆናል። በላይዋ የሚሄደው ክር ደግሞ ከባሕር የወጣ፣ ውኃ የቋጠረ፣ ጨውና አሸዋ የተሸከመ የተገመደ ክር ነው። ከሪሉ ሁሉ በጣም የምትለፋውም በጣም የምትርሰውም ክፍል እሷ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ደርቃ መዞር የምታቆመውም እሷ ናት። መዞር ስታቆም ድምፅ ላታሰማ ትችላለች። ክሩ ግን በአንድ ቦታ ላይ እየተፋተገ ይጎረጎራታል፣ እሷም ክሩን ትበላዋለች፤ ከዚያም ዓሣ ሲስብ «ክሩ መጥፎ ነበር» ይባላል። ሪል ሲገዛ ይህች ክፍል በአንድ ብሎን በቀላሉ የምትፈታ መሆኗን ማረጋገጥ ብዙ ሰው የማያደርገው፣ ግን ዋጋ ያለው ምርመራ ነው።

አምራቾች ውኃን ለማገድ የጎማ ማኅተም ይጠቀማሉ፤ አስተማማኝነቱንም አይፒኤክስ በሚባል መለኪያ ይገልጹታል። የፔን ኩባንያ ስፒንፊሸር 6ኛው ትውልድ አይፒኤክስ 5፣ ስላመር 3 ደግሞ አይፒኤክስ 6 ተብለዋል። ቁጥር 6 ማለት በደቂቃ 100 ሊትር በሚረጭ ጠንካራ ውኃ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ቁጥር 7 አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ መቆየት ነው። ፈተናው ግን በንጹሕ ውኃ፣ በአዲስ ዕቃ ላይ ነው። ዓመት ሙሉ በጨውና በፀሐይ የኖረ ጎማ ያንኑ ፈተና አያልፍ ይሆናል። የጃፓኑ ዳይዋ ደግሞ በማግኔት የሚያዝ ዘይትን እንደ ማኅተም ይጠቀማል፤ እንዲህ ያለውን ፈሳሽ የናሳው ስቲቭ ፓፔል እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራው ለሮኬት ነዳጅ ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ጎማ ስለማይታሸት እጀታው ይቀላል። ሆኖም ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሲፈታው ዘይቱ ከቦታው ይወጣል፤ የጥገና ማዕከል በሌለበት ከተማ ለሚኖር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ስለ ማኅተም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ጥሩ ጥሩ ሪሎች የሚጎዱበት ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ 50 ዲግሪ የደረሰ ሪል 25 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ቢነከር በውስጡ የታሸገው አየር ይቀዘቅዛል፤ ግፊቱም በ8 በመቶ ያህል ይወርዳል። ይህ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ከሚያሳድረው ጫና ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በባልዲ ውስጥ ነክሮ ማጠብ፣ ንጹሕ ውኃ ቢሆን እንኳ፣ ውጭ የነበረውን ጨው አሟሙቶ በማኅተሙ በኩል ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ፍሬኑ ዓሣው ሲሮጥ ክሩ ሳይበጠስ እንዲለቀቅ የሚያደርጉት የሰሌዳዎች ክምር ነው፤ በመኪና ፍሪሲዮን ያለው ያው ፍትጊያ ነው። በ10 ኪሎ ፍሬን ዓሣ 200 ሜትር ክር ቢወስድ 20,000 ጁል ገደማ ኃይል ወደ ሙቀት ተቀየረ ማለት ነው። ይህ ሙቀት ሁሉ 200 ግራም በሚመዝን የአሉሚኒየም ማጠንጠኛ ውስጥ ቢቀር ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ይጨምር ነበር። ይህን የሚችለው ካርቦን ፋይበር ነው፤ የሱፍ ሰሌዳ ለቀላል ዓሣ ለስላሳ ቢሆንም ይህን አይሸከምም። ካርቶኑ ላይ «25 ኪሎ» ተብሎ የሚጻፈው ግን ብዙም አያስፈልግም፤ ፍሬን የሚስተካከለው ክሩ ከሚችለው ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ነው። 20 ኪሎ ለሚችል ክር ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይበቃል። ከቁጥሩ ይልቅ የማጠንጠኛው ስፋት ያሳስበኛል። ክሩ እየወጣ የጥቅሉ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ፣ ፍሬኑ ሳይነካ በክሩ ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ይሆናል። ሰፊ ማጠንጠኛ ይህን ያዘገየዋል።

ሱቅ ውስጥ እጀታውን ቀስ ብሎ ማዞር፣ ክንፉን ይዞ ወደፊትና ወደ ኋላ መነቅነቅ፣ ፍሬኑን አላልቶ ክሩን በእጅ መሳብ ጥሩ ነው፤ ክሩ ሲነሣ የሚነጥር ከሆነ ፍሬኑ ይይዛል ይለቃል ማለት ነው፣ ቀጭን ክርም በዚያች ቅጽበት ይበጠሳል። ከሁሉ በላይ ግን ሻጩን ስለ መለዋወጫ ጠይቁት። ኩሽኔታው፣ የፍሬን ሰሌዳው፣ የመዘውሯ ብሎን ለብቻው ይገኛል? ባሕር ላይ የሚኖር ሪል መፈታቱ አይቀርም፤ ሲፈታ ምትክ የማይገኝለት ውድ ሪል፣ መለዋወጫ ካለው መካከለኛ ሪል ያነሰ ዕድሜ ይኖረዋል።

ከባሕር ሲመለሱ መጀመሪያ ሪሉ ጥላ ውስጥ ይብረድ። ከዚያ ውኃ ወደ ሰሌዳዎቹ እንዳይገባ ፍሬኑን አጥብቁና ከቧንቧ በቀስታ የሚወርድ ንጹሕ ውኃ አፍስሱበት፤ ግፊት ያለው ርጭት ጨውን በማኅተሙ በኩል ይገፋዋልና ይቅር። እጀታውን እያዞሩ መዘውሯንና የቅስቱን ማጠፊያ ማጠብ ይገባል። በጨርቅ ጠርጋችሁ ፍሬኑን መልሳችሁ አላሉት፤ ተጨምቀው የሚከርሙ ሰሌዳዎች ይጣበቃሉ። ሪሉ ከደረቀ በኋላ ለመዘውሯ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ለቅስቱ ማጠፊያ ትንሽ ግራሶ ይበቃል። ክንፉ ወደ ኋላ እንዳይዞር ወደሚያግደው ኩሽኔታ ግን ግራሶ አታስገቡ፤ ትንንሽ ዘንጎቹ ይንሸራተቱና ዓሣው ሲስብ እጀታው ወደ ኋላ ይፈተለካል።